ሳይደርቅ በእርጥቡ፦ ሕያው ተክልን ስለ መጠየቅ

አንድ ተመራማሪ የተክልን ውስጣዊ አሠራር ለማወቅ ሲነሣ የመጀመሪያ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ተክሉን መግደል ነው። ቅጠሉን ይቆርጣል፣ ያደርቃል፣ ይወቅጣል፣ በአልኮል ወይም በሌላ ፈሳሽ ይዘፈዝፋል፤ ከዝፍዝፉም ያገኛቸውን ውህዶች አንድ በአንድ ለይቶ ስማቸውንና መጠናቸውን ይመዘግባል። ይህ መንገድ ብዙ ዕውቀት አስገኝቷል፤ ወደፊትም ያስገኛል። ይሁን እንጂ ሕይወት ሂደት ናት። የተወቀጠ ቅጠል የሚነግረን በተወቀጠበት ቅጽበት በውስጡ ምን ምን እንደነበረ ብቻ ነው፤ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት ይሄድ እንደነበረና በምን ፍጥነት ይለወጥ እንደነበረ ግን አይነግረንም።

አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ሲሉ የመከሩት ስለ ሰው ልጅ ጉዳይ ቢሆንም፣ ምክሩ ለተክል ጥናት ቃል በቃል ይሠራል። ተክልን ሳይደርቅ፣ ሳይወቀጥ፣ በሕይወት እያለ መጠየቅ ከሚያስችሉት ጥቂት ዘዴዎች አንዱ የኒውክሌር ማግኔታዊ ሬዞናንስ ስፔክትሮስኮፒ፣ በአጭሩ ኤን.ኤም.አር. ነው። ይህ መሣሪያ በአገራችን የሳይንስ ዓለም እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍል በ400 ሜጋኸርዝ መሣሪያ እየታገዙ የተሠሩ በርካታ ጥናቶች ታትመዋል። የጥናቶቹ ዋነኛ ዓላማ ግን ከመድኃኒት ዕፅዋት የተለዩ ውህዶችን ቅርጽ ማወቅ ነበር። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ መሣሪያው ውህድ ከመሰየም ባሻገር የሕያው ተክልን ሜታቦሊዝም፣ ማለትም በሕዋስ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚካሄደውን የቁስና የኃይል ልውጠት፣ ለመመርመር መዋል ይገባዋል የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄያችንም ከእግራችን ሥር ካለው ከዋልካ አፈር ቢነሣ ይበጃል። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሣሪያው ምን ያዳምጣል?

የአንዳንድ አቶሞች አስኳል ስፒን የሚባል ባሕርይ አለው፤ በዚህም የተነሣ እንደ እጅግ ጥቃቅን ማግኔት ይሆናል። ለተክል ተመራማሪ ከሁሉ የሚጠቅሙት ሃይድሮጅን-1፣ ካርቦን-13 እና ፎስፈረስ-31 ናቸው። እነዚህ አስኳሎች ኃይለኛ የማግኔት መስክ ውስጥ ሲገቡ እንደሚሾር እንዝርት በመስኩ አቅጣጫ ዙሪያ ይዞራሉ። የአዟዟራቸው ፍጥነት በአስኳሉ ዓይነትና በመስኩ ጥንካሬ ይወሰናል። በ9.4 ቴስላ መስክ፣ ይኸውም ከምድር የማግኔት መስክ 200,000 ጊዜ ያህል በሚበረታ መስክ ውስጥ፣ ሃይድሮጅን በ400፣ ፎስፈረስ-31 በ162፣ ካርቦን-13 ደግሞ በ100 ሜጋኸርዝ ገደማ ይዞራሉ። የመጨረሻው ቁጥር በየቤታችን የምናዳምጠው የኤፍ.ኤም. ሬዲዮ በሚሠራጭበት ክልል ውስጥ መውደቁን ልብ ይሏል። መሣሪያው በመሠረቱ አጭር የሬዲዮ ምት ልኮ አስኳሎቹ የሚመልሱትን ደካማ ድምፅ የሚያዳምጥ ሬዲዮ ነው።

የዚህ ድምፅ ትልቁ ጥቅም አስኳሉ የተቀመጠበትን ሠፈር መናገሩ ነው። በዙሪያው ያሉት ኤሌክትሮኖች አስኳሉን በመጠኑ ስለሚከልሉት፣ በስኳር ውስጥ ያለ ካርቦንና በአሲድ ውስጥ ያለ ካርቦን በትክክል በአንድ ድምፅ አይናገሩም። ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ቢሆንም መሣሪያው በሚገባ ይለየዋል። የሬዲዮ ሞገዱ ኃይል እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ ሕይወት ያለውን አካል አይጎዳም። በሆስፒታሎች የሰውን አካል የውስጥ ምስል የሚያነሣው ኤም.አር.አይ. የሚሠራውም በዚሁ መርሕ ነው።

ይህን ክስተት በ1946 በተናጠል ያስታወቁት ፌሊክስ ብሎክና ኤድዋርድ ፐርሰል በ1952 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ዘዴውን ፈጣንና ጥልቅ ያደረገው ሪቻርድ ኧርንስት ደግሞ በ1991 የኬሚስትሪውን ሽልማት አግኝቷል። በፊዚክስ ተወልዶ በኬሚስትሪ ያደገው ይህ ዘዴ ወደ ተክል ሳይንስ ሲሻገር ምን እንዳሳየ ሁለት ምሳሌዎች ይበቁናል።

ሥር ሲታፈን

የመጀመሪያው ምሳሌ የበቆሎ ሥር ነው። ሥር እንደ እኛው ይተነፍሳል፤ በአፈር ቅንጣቶች መካከል ካለው አየር ኦክስጅን ይወስዳል። አፈሩ በውሃ ሲሞላ ግን ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰርግበት ፍጥነት በአየር ውስጥ ከሚሰርግበት በ10,000 እጥፍ ያህል ስለሚያንስ ሥሩ ይታፈናል። በኦክስጅን ሲሠራ ከአንድ የግሉኮስ ሞለኪውል 30 ያህል ኤ.ቲ.ፒ. የሚያመርት ሕዋስ፣ ኦክስጅን ሲያጣ በብልቆ (ፈርመንቴሽን) 2 ብቻ ያመርታል። ይህ ለብዙ ዘመን የታወቀ ነው። ያልታወቀው፣ ሥሩን በትክክል የሚገድለው ምን እንደሆነና አንዱ ተክል ሲሞት ሌላው የሚቆየው ለምን እንደሆነ ነበር።

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጀስቲን ሮበርትስና ባልደረቦቹ በ1980 ሕያው የሥር ሕዋሳትን በፎስፈረስ-31 ኤን.ኤም.አር. መረመሩ። በየትኛውም ሕዋስ ውስጥ የሚገኘው ፎስፌት የድምፁ ቦታ በአካባቢው የአሲድነት መጠን ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ተፈጥሮ ራሷ በሕዋሱ ውስጥ ያስቀመጠችው የፒኤች መለኪያ ነው። ፒኤቹ ወደ 7.5 ከሚጠጋው ከሳይቶፕላዝምና ወደ 5.5 ከሚጠጋው ከቫኩዎል ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ጎን ለጎን ታዩ። ሥሮቹ ተወቅጠው ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ክፍሎች ተቀላቅለው አንድ ትርጉም የለሽ አማካይ ብቻ ይገኝ ነበር። ለዚህ ጥያቄ መልሱ በሕያው ሥር ውስጥ እንጂ በሙቀጫ ውስጥ አልነበረም።

በ1984 ባወጧቸው ጥናቶች ይኸው ቡድን ለበቆሎ ሥር ጫፎች የሚደርሰውን ኦክስጅን አቋርጦ የሚሆነውን ተከታተለ። በደቂቃዎች ውስጥ የሳይቶፕላዝሙ ፒኤች በግማሽ አሃድ ያህል ወረደ። ይህ ትንሽ ቢመስልም የአሲድነቱ መጠን ሦስት እጥፍ ገደማ ሆነ ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ሥሩ አስቀድሞ ላክቲክ አሲድ ያመርታል፤ የሚፈጠረው አሲድነት ራሱ ላክቲክ አሲድ የሚሠራውን ኢንዛይም እየገታ አልኮል የሚሠራውን መንገድ ይከፍታል፤ አልኮል ደግሞ አሲድ ስላልሆነ ፒኤቹ ይረጋጋል የሚል ነበር። ይህን ለመፈተን አልኮል መሥራት የሚያስችለውን ዋና ኢንዛይም ያጣ የበቆሎ ዘር ተጠቀሙ። በዚህ ዘር ሥር ውስጥ አሲድነቱ ሳይረጋጋ ቀጠለ፤ ሥሩም ፈጥኖ ሞተ። ከዚህ በመነሣት ሥሩ ውሃ በተኛበት አፈር የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስነው፣ ከኃይል ማነስ ባልተናነሰ፣ የሳይቶፕላዝሙ አሲድነት ነው ወደሚል ድምዳሜ ደረሱ።

ጉዳዩ በዚህ አልተዘጋም። በ1992 የታተመ ጥናት፣ አስቀድሞ በጥቂት ኦክስጅን እንዲቆይ የተደረገ የበቆሎ ሥር ላክቲክ አሲዱን ወደ ውጭ ማስወጣት «ስለሚማር» ኦክስጅን ፈጽሞ ሲጠፋ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚቆይ አሳየ። በ2001 የግሬኖብል ተመራማሪዎች የሜፕል ዛፍ ሕዋሳትን በዚሁ ዘዴ መርምረው፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ለሚታየው የፒኤች መውረድ ዋነኛው ምክንያት ላክቲክ አሲድ ሳይሆን የኤ.ቲ.ፒ.ና የመሰሎቹ መፈራረስ ነው ሲሉ ተከራከሩ። እንዲህ ያለው ክርክር ራሱ ለዘዴው ምስክር ነው፤ በደቂቃ ልዩነት የሚሆነውን በሕያው ሕዋስ ውስጥ ማየት ባይቻል ኖሮ ጥያቄው ራሱ ባልተነሣ ነበር።

የካርቦን ጉዞ

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ ዘር ይወስደናል። ሜልቪን ካልቪን ተክሎች ከአየር የወሰዱትን ካርቦን ወዴት እንደሚያደርሱት ለማወቅ ራዲዮአክቲቭ የሆነውን ካርቦን-14 ተጠቅሞ በ1961 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ካርቦን-13 ግን ራዲዮአክቲቭ አይደለም፤ በተፈጥሮ ካለው ካርቦን 1.1 በመቶ ያህሉም እርሱ ነው። ይህ ካርቦን የበለጸገበትን ስኳር ለተክል ብንመግበው፣ ኤን.ኤም.አር. ምልክቱ የደረሰበትን ውህድ ብቻ ሳይሆን በውህዱ ውስጥ የስንተኛውን ካርቦን ቦታ እንደያዘ ጭምር ይናገራል። አንድ ምርት በሁለት የተለያዩ የሜታቦሊዝም መንገዶች ሊደረስበት የሚችል ከሆነ፣ የምልክቱ ቦታ የትኛው መንገድ ምን ያህል እንደተሄደበት ያሳብቃል።

በ2004 ኔቸር በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በማደግ ላይ ያሉ አረንጓዴ የሬፕሲድ ፅንሶችን ካርቦን-13 እየመገበ በኤን.ኤም.አር.ና በማስ ስፔክትሮሜትሪ በመመርመር ያልተጠበቀ ነገር አገኘ። ሩቢስኮ የተባለው የታወቀ ኢንዛይም ከካልቪን ዑደት ውጭ ሆኖ፣ ዘሩ ዘይት ሲሠራ የሚያመልጠውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ ይይዛል። በጥናቱ ስሌት መሠረት ይህ መንገድ ከተለመደው ጋር ሲነጻጸር ለዘይት ግንባታ የሚውለውን ጥሬ ዕቃ በ20 በመቶ ይጨምራል፤ የሚባክነውን ካርቦን በ40 በመቶ ይቀንሳል። ሬፕሲድ ከእኛው አበሻ ጎመን ዘር ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። የእኛው የጎመን ዘርና ኑግ ፅንሶች ዘይታቸውን በዚሁ ብልሃት ይሠሩ እንደሆነ መጠየቅ ለማንኛውም የባዮሎጂ ተማሪ ተገቢ የመመረቂያ ርእስ ነው።

የቅባት እህል ጥናታችን ከዚህ ዘዴ ጋር የቆየ ትውውቅ እንዳለውም ማስታወስ ያስፈልጋል። በሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል የዘርን የዘይት መጠን ለመለካት ኤን.ኤም.አር. ሲያገለግል ቆይቷል። በዚህ መንገድ የተለካ ዘር አይፈጭም፤ የተሻለ ዘይት ያለው ሆኖ ከተገኘ ተመልሶ ይዘራል። ሳይገድሉ የመጠየቅ ጥቅም ከዚህ በላይ ግልጽ ሊሆን አይችልም።

የዋልካ ጥያቄ

አሁን የበቆሎውን ሥር ይዘን ወደ አገራችን ማሳ እንመለስ። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት የአፈር ሊቃውንት ቨርቲሶል በሚሉት፣ ገበሬው ግን ዋልካ፣ ኮትቻ ወይም መረሬ በሚለው ጥቁር አፈር የተሸፈነ ነው። ከዚህም 7.6 ሚሊዮን ያህሉ በደጋማው ክፍል ይገኛል። አፈሩ ለምና እርጥበት ያዥ ቢሆንም በክረምት ያብጣል፣ ይጨቀያል፣ ውሃ ይተኛበታል። የስንዴ፣ የገብስና የባቄላ ሥር በሐምሌና በነሐሴ የሚገጥመው ሮበርትስ በጠባብ ብርጭቆ ውስጥ የፈጠረው ዓይነት መታፈን ነው።

ገበሬው ለዚህ የራሱ መልስ አለው። ውሃ መተኛትን ከሌሎች እህሎች በተሻለ የሚችለውን ጤፍ ይዘራል፤ ወይም ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቆ ሽምብራና ጓያ በቀሪው እርጥበት ያበቅላል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ሰፋፊ መደብና ቦይ በእጅ እየተሠራ ውሃው እንዲጠነፍፍ ይደረጋል፤ ከ1980ዎቹ ወዲህም ይህንኑ ሥራ በበሬ ለማከናወን የሚያስችል መሣሪያ በምርምር ተዘጋጅቶ ቀርቧል። ሆኖም ዘግይቶ መዝራት የዝናቡን ወራት ማባከን ነው፤ ባዶው መሬትም በጎርፍ ይሸረሸራል። ማጠንፈፍም ጉልበት ይጠይቃል፤ በየቦታው አይሠራምና የተሻለ የሚታገሥ ዘር ማግኘት የማይታለፍ ነው።

እንዲህ ያለ ዘር የሚፈለግበት ቦታ ሩቅ አይደለም። በ1976 የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አካል የሆነው የዘር ባንክ ከየአካባቢው የተሰበሰቡ የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ ዘሮችን ይዟል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በዋልካ ላይ ለዘመናት ሲዘሩ የኖሩ ናቸው። የተለመደው የመምረጫ መንገድ ዘሩን ውሃ በሚተኛበት ማሳ ዘርቶ በመጨረሻ የተረፈውን መቁጠር ነው። ይህ የትኛው እንደተረፈ ያሳያል፤ ለምን እንደተረፈ ግን አያሳይም። አንዱ ዘር አሲዱን ወደ ውጭ ስለሚያስወጣ፣ ሌላው ፈጥኖ ወደ አልኮል ስለሚዞር፣ ሦስተኛው በሥሩ ውስጥ የአየር መተላለፊያ ስለሚከፍት ሊተርፍ ይችላል። ምክንያቱን ያወቀ አዳቃይ ሁለቱን ብልሃቶች በአንድ ዘር ማገናኘት ይችላል፤ ያላወቀ ግን በዕድል ይሠራል። ኤን.ኤም.አር. ከማሳ ፈተናው ጎን ለጎን ሊቆም የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ይህ ለድሃ አገር ቅንጦት ነው» የሚል ነው። የመሣሪያው ዋጋ ከፍተኛ መሆኑ አይካድም። ማግኔቱ ከዜሮ በታች በ269 ዲግሪ ሴልሽየስ ገደማ በፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ሂሊየሙም በየጊዜው መሞላት ይኖርበታል። ነገር ግን ማግኔቱ ሂሊየሙን የሚጨርሰው ሲሠራም ሥራ ሲፈታም ነው። መሣሪያው ባለበት ቦታ ወጪው አስቀድሞ የተከፈለ ነውና ቅንጦቱ ሥራ ፈትቶ ማደሩ ይሆናል። መሣሪያው በሌለበት ደግሞ በቋሚ ማግኔት የሚሠሩ፣ ሂሊየም የማያስፈልጋቸው፣ ከ60 እስከ 100 ሜጋኸርዝ የሆኑ የጠረጴዛ መሣሪያዎች ዛሬ በገበያ ይገኛሉ። ከትልቁ ጋር ባይወዳደሩም ለማስተማርና ለቀላል ልኬታ ይበቃሉ።

ሁለተኛው «ማስ ስፔክትሮሜትሪ እጅግ ጥቂት መጠን ያለውን ውህድ ጭምር ስለሚያይ ይበልጣል» የሚል ነው። በስሜታዊነት ረገድ ይህ እውነት ነው። ኤን.ኤም.አር. ደካማ ጆሮ አለው፤ የሚሰማው በብዛት ያሉትን በአሥሮች የሚቆጠሩ ውህዶች ብቻ ነው፤ አንድ የፎስፈረስ ስፔክትረም ከሕያው ሥር ለማግኘትም ደቂቃዎች ይወስዳል። ነገር ግን ሕዋሱን በሕይወት ትቶ ፒኤቹን የሚነግረን፣ የካርቦኑንም ቦታ ያለ ብዙ ልፋት የሚያሳየን እርሱ ነው። ሁለቱ ዘዴዎች ተፎካካሪ ሳይሆኑ ተደጋጋፊ መሆናቸውን ከላይ የጠቀስነው የ2004 ጥናት ራሱ ሁለቱንም በመጠቀም አስመስክሯል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው፦ «በብርጭቆ ውስጥ ያለ የሥር ጫፍ ማሳ አይደለም»። ትክክል ነው። የተቆረጠ የሥር ጫፍ ቅጠል የለውም፣ አፈር አይነካውም፣ የአፈር ተሕዋስያን አያጋጥሙትም። ስለዚህ ከመሣሪያው የሚገኘው መልስ ወደ ማሳ ተወስዶ ካልተፈተነ ግማሽ መልስ ነው። ይህ ግን ዘዴውን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ የኬሚስቱና የግብርናው ባለሙያ አብረው እንዲሠሩ የሚያስገድድ ምክንያት ነው።

ከየት እንጀምር?

በዚህ ጸሐፊ እምነት እንቅፋታችን ከገንዘብ ይልቅ ልማድ ነው። መሣሪያው በኬሚስትሪ ክፍል ይቀመጣል፤ ተክሉ በባዮሎጂ ክፍል ይበቅላል፤ ገበሬው የሚያውቀው ደግሞ የግብርና ምርምር ማዕከሉን ነው። ሦስቱ አንድ ጥያቄ ላይ የሚገናኙበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ሐሳቦች ለፋኩልቲዎቻችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መሣሪያው ባለበት ተቋም ሁሉ በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን ለተክል ሜታቦሊዝም ጥናት ይመደብ። ለባዮሎጂ ተማሪዎችም ስፔክትረም ማንበብ የሚያስችል አጭር ኮርስ ይሰጥ።

ሁለተኛ፣ የማስተርስ ጥናቶች በኬሚስትና በባዮሎጂስት የጋራ አማካሪነት ይመሩ። ውህዱን የሚያውቀው መምህርና ተክሉን የሚያውቀው መምህር በአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ሲፈርሙ የክፍሎቹ ግድግዳ በራሱ ጊዜ ይሳሳል።

ሦስተኛ፣ ሥራው ከቀላሉ ይጀመር። ለሃይድሮጅን ኤን.ኤም.አር. 50 ሚሊግራም ያህል የደረቀ የተክል ናሙና ይበቃል፤ በዚህ መጠን ከዋልካና ከቀይ አፈር የተወሰዱ የአንድ ዘር ሥሮች ስኳር፣ አሚኖ አሲድና ኦርጋኒክ አሲድ ሊነጻጸር ይችላል። እንዲህ ያለው ናሙና የተገደለ መሆኑ አይጠፋኝም፤ እጅን ለማፍታታት ግን መልካም መጀመሪያ ነው። ልምዱ ሲዳብር ኦክስጅን የያዘ ውሃ እየፈሰሰላቸው በሕይወት የሚቆዩ የሥር ጫፎችን በፎስፈረስ-31 ወደ መመርመር ይታለፋል።

አራተኛ፣ የሚገኘው ስፔክትረም በተመራማሪው ኮምፒዩተር ውስጥ አይቀበር። ከዘሩ መለያ ቁጥር ጋር ተመዝግቦ ለአዳቃዮች ክፍት ይሁን።

ውድ አንባቢ፣ ገበሬያችን ውሃ የተኛበትን ማሳ በዓይኑ አይቶ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን «ሥሩ ታፈነ» ይላል። ይህ ፍርድ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሚሰጠው ጉዳቱ ከደረሰ ከቀናት በኋላ ነው። በሥሩ ውስጥ ያለው ፎስፌት ግን ያንኑ ነገር በደቂቃዎች ውስጥ ይናገራል። ለመስማት የሚያስችለው ጆሮ በቤታችን ሳለ ተክሉን እስኪደርቅ ጠብቀን የምንጠይቅበት ምክንያት የለም።